ግሪስ በቀለሙ አይመረጥም፤ ክሮሼራም በሁለት ፓምፕ አይጠግብም

«የካርዳን ግሪስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይተናል። (ካርዳን ከካምቢዮ ወደ አክስል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ነው፤ ክሮሼራ ደግሞ በጫፉ ያለው የሚታጠፍ መገጣጠሚያ።) ላላነበበው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ግሪስ ሁሉ አንድ ነው፣ ልዩነቱን ቀለሙ ይነግርሃል፤ ወፍራሙ ከቀጭኑ ይሻላል፤ ለአንድ ክሮሼራ ሁለት ሦስት ፓምፕ ይበቃል፤ አዲሱ አሮጌውን ስለሚገፋው ዓይነት መቀላቀል አያሳስብም፤ ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር ግሪስ ለሁሉም ቦታ ይሆናል፤ አዲስ ክሮሼራ ሲገጠም ኩባያዎቹን ጢም አድርጎ መሙላት ነው፤ የሲቪ ጆይንት (ጎማን በሚነዳው ዘንግ ጫፍ ያለው ዝግ መገጣጠሚያ) መሸፈኛ ጎማ ሳይፈታ ግሪስ በመርፌ ሊወጋ ይችላል፤ ድምፅ እስካልመጣ ድረስ ደግሞ ምንም መንካት አያስፈልግም።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ብዙ ክሮሼራ የሚያልቀው ጭነት በዝቶበት ሳይሆን ደርቆ ነው፤ ይህን ማስታወሳቸው ያስመሰግናቸዋል። ችግሩ ምክራቸው ሥራ ላይ ሲውል ክሮሼራውን መልሶ ደረቅ የሚያስቀር መሆኑ ነው። ነጥቦቹን እሳቸው ባስቀመጡት ተራ ሳይሆን በሚያደርሱት ጉዳት ልክ እንወስዳቸዋለን።

«ለአንድ ክሮሼራ ሁለት ሦስት ፓምፕ ይበቃል»

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆያለን።

ክሮሼራ አራት ክንድ ያለው መስቀል ነው። በየክንዱ ጫፍ ላይ መርፌ ኩሽኔታ (መርፌ የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች) የተደረደረበት ኩባያ ይገባል፤ በመስቀሉ ሆድ ውስጥ ደግሞ ከግሪስ ኒፕሉ (ፓምፑ ከሚገጠምበት አፍ) ተነስቶ ወደ አራቱም ክንድ የሚሄድ ቀጭን ቦይ ተበስቷል። ካርዳኑ ሲሽከረከር እነዚህ መርፌዎች የመኪና ጎማ እንደሚዞርበት ኩሽኔታ ዙሪያውን አይዞሩም፤ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ እንጂ። ካርዳኑ ከካምቢዮው ጋር የሠራው ማዕዘን 5 ዲግሪ ከሆነ፣ ኩባያው በእያንዳንዱ ዙር 5 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን፣ 5 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፤ በቃ። የክንዱ ውፍረት 20 ሚሊሜትር ቢሆን፣ አንድ መርፌ ዕድሜውን ሁሉ የሚመላለሰው አንድ ሚሊሜትር ገደማ በሆነች መንገድ ላይ ነው።

በዚያች መንገድ ላይ ያለው ግሪስ ተጨፍልቆ ወደ ዳር ይወጣል፤ መልሶ የሚያመጣው የለም። የጎማ ኩሽኔታ ሲዞር ግሪሱን እየቀዘፈ ራሱን ይቀባል። ክሮሼራ ይህን አይችልም። አዲሱ ግሪስ በግፊት መጥቶ፣ በመርፌዎቹ መሐል አልፎ፣ አሮጌውን ይዞ በማሸጊያው ጎማ በኩል መውጣት አለበት። ለክሮሼራ ግሪስ አይጨመርለትም፤ ይቀየርለታል። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

አሁን ሁለት ፓምፕ ምን እንደሚሠራ እንይ። የተለመደ የእጅ ግሪስ ፓምፕ በአንድ ምት የሚተፋው 1 ግራም ገደማ ነው። (የራሳችሁን ለማወቅ ሚዛን ላይ ወረቀት አድርጋችሁ አሥር ጊዜ ምቱና ለአሥር አካፍሉት፤ ከፓምፕ ፓምፕ ይለያያል።) ግሪስ ደግሞ እንደ ውሃ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ከአራቱ ማሸጊያዎች አንዱ ላላ ያለ ከሆነ ያ ሁለት ግራም በሙሉ በእሱ በኩል ይወጣል። ከታች ተጋድሞ የሚሠራው ሰው በአንዱ ኩባያ ላይ ግሪስ ብቅ ሲል አይቶ «ሞላ» ይላል። ሦስቱ ግን ጠብታ አልደረሳቸውም።

ስለዚህ መለኪያው የምቱ ቁጥር አይደለም። በአራቱም ኩባያዎች አንገት ላይ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ነው። አንዱ ክሮሼራ በአራት ምት ይጨርሳል፤ ሌላው አሥራ አምስት ይፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው። ካርዳኑን በእጅ ለማዞር ካምቢዮው ነፃ ይሁን፣ የሚነዳው አክስል በክሪክ ተነስቶ በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ይደገፍ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አይገባም። አንዳንድ የጭነት መኪና ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን በካምቢዮው መውጫ ላይ ራሱን ካርዳኑን ነው፤ እንዲህ ያለው ላይ ካርዳኑ ከተፈታ የእጅ ፍሬኑ ቢሳብም መኪናውን አይዝም፤ የሚይዘው ታኮው ብቻ ነው።

ኒፕሉን በጨርቅ ጥረጉ። ሳይጠረግ ፓምፕ ከተደረገ ቀድሞ ወደ መርፌዎቹ የሚገባው ኒፕሉ አፍ ላይ የተቀመጠው አሸዋ ነው። የፓምፑን አፍ ቀጥ አድርጋችሁ ግጠሙ፣ ቀስ እያላችሁ ምቱ፣ አራቱን አንገት በባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ። የአየር ፓምፕ ለዚህ ሥራ ባይነካ እንመርጣለን፤ የእጁም ቢሆን በመቶዎች የሚቆጠር ባር ግፊት ይፈጥራል፣ የአየሩ ደግሞ እጅ ሳይሰማው ማሸጊያውን ገልብጦ ይጥለዋል። የተገለበጠ ማሸጊያ ግሪስ በደንብ ያወጣል፤ ውሃም በደንብ ያስገባል።

አንዱ ኩባያ እምቢ ካለ? ካርዳኑን ግማሽ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ። ካልሆነ ግፊቱ እንዳለ ካርዳኑን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንና ጎን ነቅንቁት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። አሁንም ካልወጣና ኩባያው በብሎን የሚታሰር ዓይነት ከሆነ፣ የዚያን ኩባያ ሁለት ብሎኖች 1.5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እስኪፈጠር አላሉና ምቱ፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ጫና ሲቀንስ ግሪሱ መንገድ ያገኛል። ከዚያ ብሎኖቹን በመመሪያው ልክ በቶርክ ቁልፍ መልሶ ማጥበቅ ነው። ይህም ካልሠራ ቦዩ ተደፍኗል ወይም ኩባያው ውስጥ ዝገት አለ፤ ተፈትቶ ይታይ።

የሚወጣውን አሮጌ ግሪስ በጣት ነክታችሁ እዩት። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ሸክላ ዱቄት ቀይ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለው ብረቱ እየተላጠ ነው። እንዲህ ያለ ክሮሼራ አዲስ ግሪስ ቢቀበልም ይቀየር። ሲያበቃ የተረፈውን ጥረጉት፤ ካርዳኑ ሲሽከረከር ወለሉ ሥር ሁሉ ይረጨዋል፣ የቀረው ደግሞ አቧራ ይሰበስባል።

«ቀለሙ ይነግርሃል»

ቀለም ምንም አይነግርም። ግሪስ ውስጥ የሚገባው ቀለም ማቅለሚያ ነው፤ «ቀይ ለሙቀት፣ ሰማያዊ ለውሃ» የሚል ስምምነት በአምራቾች መካከል የለም። የአንዱ ቀይ ሊቲየም ኮምፕሌክስ ነው፣ የሌላው ቀይ ተራ ሊቲየም። ጥቁሩም ቢሆን በሞሊብዲነም ሊጠቁር ይችላል፣ በግራፋይትም ሊጠቁር ይችላል።

ቆርቆሮው ላይ መነበብ ያለበት ሌላ ነው። ግሪስ ዘይት ነው፤ ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ የሚያስቀምጠው ደግሞ አወፋሪው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አወፋሪው ምንድን ነው? ሊቲየም፣ ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ ካልሲየም ሰልፎኔት፣ ፖሊዩሪያ፣ ቤንቶናይት። ቀጥሎ በውስጡ ያለው ዘይት ውፍረት፤ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሴንቲስቶክ ይጻፋል። ሦስተኛ የኤንኤልጂአይ ቁጥር፣ ማለትም የግሪሱ ጥንካሬ ደረጃ። አራተኛ «ኢፒ» የሚለው ምልክት፣ ማለትም ከባድ ጫና የሚችል ኬሚካል እንዳለበት የሚናገረው።

ከእነዚህ ሌላ አቋራጭ አለ። የኤንኤልጂአይ ማረጋገጫ ባለው ቆርቆሮ ላይ ሁለት ጥንድ ፊደላት ይገኛሉ፦ «ኤልቢ» ለሻሲና ለመገጣጠሚያዎች፣ «ጂሲ» ለጎማ ኩሽኔታ። «ጂሲ-ኤልቢ» የሚለው ሁለቱንም ፈተና ያለፈ ነው። የተሽከርካሪው መመሪያ ሌላ ካላለ በቀር ለክሮሼራ የምንመርጠው ሊቲየም ወይም ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ ቁጥር 2፣ ኢፒ ያለበት፣ ዘይቱ ከ150 እስከ 220 ሴንቲስቶክ የሆነ ነው። በጭቃና በውሃ ውስጥ ለሚውል ተሽከርካሪ ካልሲየም ሰልፎኔት ኮምፕሌክስ ይሻላል፤ ውሃ ቶሎ አያጥበውም፣ ዝገትንም ይከላከላል።

ሻጮች የሚመኩበት «የመንጠባጠቢያ ሙቀት» ለካርዳን ብዙም አይጠቅምም። የተራ ሊቲየም 190 ዲግሪ አካባቢ፣ የሊቲየም ኮምፕሌክስ 260 አካባቢ ነው፤ ይህ ግሪሱ ቀልጦ የሚወርድበት እንጂ የሚሠራበት ሙቀት አይደለም፣ የሥራው ጣሪያ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ቁጥሩ ፍሬን ለሚያግለው የጎማ ኩሽኔታ ይጠቅማል። ካርዳንን የሚገድሉት ውሃና አቧራ ናቸው።

«ወፍራሙ ይሻላል»

የኤንኤልጂአይ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ከታወቀ ይህ ክርክር ያበቃል። 25 ዲግሪ ላይ ያለ፣ 60 ጊዜ የተማሰለ ግሪስ ላይ ሾጣጣ ብረት ይለቀቅበትና በ5 ሴኮንድ ውስጥ ስንት እንደ ሰመጠ በሚሊሜትር አሥረኛ ይለካል። ከ265 እስከ 295 ከሰመጠ ቁጥር 2 ነው፣ ከ220 እስከ 250 ቁጥር 3፣ ከ310 እስከ 340 ቁጥር 1። የሚለካው ጥንካሬው ብቻ ነው። ብረትን ከብረት የሚለየው ዘይቱና በውስጡ ያለው ኬሚካል ነው፤ እነሱ በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

ቁጥር 3 በክሮሼራው ጠባብ ቦይ ውስጥ ሲገፋ ይቸገራል። ቢደርስም መርፌዎቹ መንገዳቸውን ይከፍቱበትና ግድግዳ ሆኖ ይቆማል፤ ወደ መንገዱ አይመለስም። በጣም ብርድ ባለበት ቦታ እንዲያውም ወደ ቁጥር 1 መውረድ ነው የሚያዋጣው።

«መቀላቀል አያሳስብም»

አወፋሪዎች እርስ በርስ ይጣላሉ። ሊቲየም ከቤንቶናይት ጋር፣ ብዙ ዓይነት ፖሊዩሪያም ከሊቲየም ጋር ሲቀላቀል ስፖንጁ ይፈርሳል፤ ግሪሱ እንደ ሾርባ ቀጥኖ ይፈሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ሆኖ ይጠነክራል። «አዲሱ አሮጌውን ይገፋዋል» የሚለው መውጫ ላለው ክሮሼራ ግማሽ እውነት ነው፣ ያውም አራቱም አንገት እስኪያወጣ ለደከመ ሰው። የሲቪ ጆይንት ግን ዝግ ነው። ወደየት ይገፋዋል?

ቀድሞ የገባው ግሪስ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ክሮሼራውን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪቀየር ምቱት (ቀለም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌውን ከአዲሱ ለመለየት)፣ 500 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ድገሙት። የሲቪ ጆይንት ከሆነ ተፈትቶ ይታጠብ።

«ሞሊብዲነም ለሁሉም ቦታ»

ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ እንደ ካርታ የተደራረበ ደቃቅ ጠጣር ነው፤ ሁለት ብረት ሲፋተግ ካርታዎቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ቦታው መንሸራተት ያለበት ነው፦ የካርዳኑ ተንሸራታች ጥርስ፣ የሲቪ ጆይንት ኳሶች የሚሄዱባቸው ቦዮች። ለእነዚህ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያለበት ግሪስ የተለመደ ነው። የክሮሼራ መርፌ ግን በዋናነት ይንከባለላል እንጂ አይንሸራተትም፤ ጥሩ የሊቲየም ኢፒ ይበቃዋል። ሞሊብዲነም ቢገባበት አይሞትም፣ ግን የተለየ ጥቅም ይሰጠዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በአንድ ካርዳን ላይ ለመስቀሉ ተራ ሊቲየም፣ ለተንሸራታቹ ባለ ሞሊብዲነም የሚያዝዙ መመሪያዎች አሉ፤ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ የረሳው ተንሸራታቹን ጥርስ ነው። ሱስታው ሲወርድና ሲወጣ ካርዳኑ ማጠርና መርዘም አለበት፤ ይህን የሚያደርገው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተተው ባለ ጥርስ ዘንግ ነው። ከደረቀ መኪናው ሊቆም ሲል ወይም ከቆመበት ሲነሳ ከሥር አንድ ጊዜ «ዷ» የሚል ምት ይሰማል። ብዙ ሰው ያኔ ክሮሼራ ይቀይራል፤ ምቱ ግን አይጠፋም።

በከባድ ተሽከርካሪ ላይ የተንሸራታቹ ጫፍ መድፈኛ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ግሪሱ በዚያ ቀዳዳ እስኪታይ ምቱ፤ ከዚያ ቀዳዳውን በጣት ዝጉና በሌላኛው ጫፍ ማሸጊያ በኩል እስኪወጣ ቀጥሉ። ቀዳዳ በሌለው ላይ ግን እጅ ይሰብሰብ። ከመጠን በላይ የገባው ግሪስ መውጫ ስለሌለው እንደ ክሪክ ዘይት ዘንጉን ይገፋዋል። ካርዳኑ ማጠር ሲያቅተው እያንዳንዱ ጉድጓድ የካምቢዮውን መውጫ ኩሽኔታና የዲፈረንሻሉን ፒኞን ይደበድባል። ተንሸራታቹ መርዘም ሲጀምር በዓይን ይታያል፤ እዚያ ላይ ይቁም።

ካርዳኑ በተንሸራታቹ በኩል የሚለያይ ከሆነ ከመለየቱ በፊት ሁለቱ ላይ በቀለም አንድ መስመር ይሰመር። ክሮሼራ በማዕዘን ሲሠራ የሚወጣው ፍጥነት በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይጨምራል፣ ሁለት ጊዜ ይቀንሳል፤ በ10 ዲግሪ ልዩነቱ 1.5 በመቶ ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። የኋላው ክሮሼራ የፊተኛውን መወዛወዝ የሚያጠፋው የካርዳኑ ሁለት ሹካዎች (ክሮሼራ የሚገባባቸው ጫፎች) በአንድ መስመር ሲሆኑ ነው። አንድ ጥርስ እንኳ ተሳስቶ ከተገጠመ መንቀጥቀጡ ይመጣል፣ በግሪስም አይድንም።

«አዲሱን ሲገጥሙ ጢም አድርጎ መሙላት»

ከአዲስ ክሮሼራ ጋር የሚመጣው ግሪስ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሳለ እንዳይዝግ የተቀባ ነው፤ ለሥራ አይበቃም። እዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ኩባያው እስከ አፉ ከተሞላ ግን ክንዱ ሲገባ ግሪሱ ታች ታምቆ ኩባያውን መልሶ ይገፋዋል፣ ሲገሩም (ኩባያውን በቦታው የሚይዘው ቀለበት) ማረፊያው አይገባም። ያኔ መዶሻ ይነሳል። በመዶሻው ምት አንድ መርፌ ይወድቅና በኩባያው ወለል ላይ ይጋደማል፤ ሲገሩ አሁን ጭራሽ አይገባም፣ ሰውየውም የበለጠ ይመታል።

ሲገሩ ከማረፊያው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከራቀ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው፤ የመርፌው ውፍረት ያን ያህል ነውና። ኩባያው ይውጣ፣ መርፌው ይነሳ።

የሚበቃው ግሪስ መርፌዎቹን በቦታቸው አቁሞ የሚይዝና ወለሉ ላይ ስስ ንጣፍ የሚሆን ነው። ኩባያው በመዶሻ ሳይሆን በሞርሳ፣ መጠኑ ልክ በሆነ ቡሶላ እየተገፋ ይግባ፤ መስቀሉ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሁለቱም ኩባያ ውስጥ ትንሽ ገብቶ ይቆይ፣ መርፌዎቹን የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ሲገሮቹ ከገቡ በኋላ ሹካው በመዳብ መዶሻ ቀለል ተደርጎ ይመታ፤ መስቀሉ በእጅ በሁሉም አቅጣጫ ሳይያዝ መንቀሳቀስ አለበት። ኒፕሉ ፓምፕ በሚደርስበት በኩል መሆኑ ከመገጠሙ በፊት ይታይ፤ ይህን ረስቶ ሁሉን እንደገና የሚፈታ ሰው ብዙ ነው። የቀረውን ግሪስ ተገጥሞ ሲያበቃ በኒፕሉ በኩል፣ አራቱም አንገት እስኪያወጣ።

ኒፕል የሌለው ክሮሼራም አለ። ቦይ ስላልተበሳበት መስቀሉ ጠንካራ ነው፤ ታሽጎ የመጣ ነውና ቀዳዳ አይበጀለት። ሲያልቅ ይቀየራል።

«የሲቪ ጆይንት ጎማ በመርፌ ይወጋል»

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለዚህ ነው። ጎማው ደህና ከሆነ ውስጡ ያለው ግሪስ አልቀነሰም፤ የተዘጋ ነውና ጭማሪ አይፈልግም። ጎማው ከተቀደደ ደግሞ አሸዋው ቀድሞ ገብቷል፤ አዲስ ግሪስ ከአሸዋ ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ብረት መሞረጃ ነው። የመርፌዋ ቀዳዳም ቀዳዳ ሆና አትቀርም፤ ጎማው በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋልና ከዚያች ነጥብ ይቀደዳል። ከመጠን በላይ ከገባ ደግሞ ሲሞቅና ሲሽከረከር ጎማውን ነፍቶ ከማሰሪያው ያስወጣዋል።

መጠኑ አነስተኛ ለሆነ የቤት መኪና ውጭኛው ጆይንት ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 ግራም ነው። ወሳኙ ግን ከጎማው ጋር የሚመጣው ከረጢት ወይም መመሪያው የሚለው ነው። ሁለት ከረጢት ከመጣ አይለዋወጡ፦ ኳስ ያለው ውጭኛውና ሦስት ሮለር ያለው ውስጠኛው የሚፈልጉት ግሪስ ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ውስጠኛው ላይ የማይሆነው ሲገባ መኪናው ነዳጅ ሲሰጠው ይንቀጠቀጣል።

ጆይንቱ ይፈታ፣ አሮጌው ይጠረግ፣ በማጽጃ ይታጠብ፣ ፈጽሞ ይድረቅ፤ ውስጡ የቀረ ማጽጃ አዲሱን ግሪስ ያቀጥነዋል። ኳሶቹ ከመውጣታቸው በፊት ውስጠኛው ቀለበት፣ ቀፎውና ውጭኛው ቤት አንድ ላይ ምልክት ይደረግባቸው። የኳሶቹ ቦይ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ማጠብ ድካም ነው። ደህና ከሆነ ከግሪሱ ሁለት ሦስተኛው ወደ ጆይንቱ ይግባ፣ ዘንጉ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል በኳሶቹ ዙሪያ ብቅ እስኪል እየተገፋ፤ የቀረው ወደ ጎማው።

ጎማው የሚቀመጥበት ቦይና የጎማው ከንፈር ከግሪስ ንጹሕ ይሁኑ፤ አለዚያ ማሰሪያው ቢጠብቅም ይንሸራተታል። ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነው ጎማ ብረት ማሰሪያ በልዩ ፒንሳ ተጠብቆ ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲክ አይዘውም። ትንሹ ማሰሪያ ከመጥበቁ በፊት ጆይንቱ በሥራ ቦታው ርዝመት ላይ ሆኖ ከንፈሩ በደነዘዘ ነገር ቀና ይደረግና አየሩ ይውጣ። ጎማው ተነፍቶ ወይም ተጣብቆ ከታሰረ እጥፋቶቹ ይፋተጋሉ፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳሉ።

«ድምፅ ካልመጣ አትንካው»

ድምፅ የመጨረሻው ምልክት ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድ እንደ አይጥ የሚጮኸው የደረቀ ክሮሼራ ነው፤ ማርሽ ሲገባ የሚንኳኳው የላላ ነው፤ መሪ ጥግ ድረስ ተጠምዝዞ ሲነዳ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ያለቀ ውጭኛ ሲቪ ጆይንት ነው። የሲቪው ድምፅ በአዲስ ግሪስ ለጥቂት ቀናት ሊደበዝዝ ይችላል፣ የተበላው ቦይ ግን አይሞላም።

ከድምፁ በፊት የሚታይ ነገር አለ፦ በኩባያው አንገት ዙሪያ የተቀመጠ ቀይ የዝገት ዱቄት። ታኮ የተደረገበት መኪና ሥር ገብታችሁ በአንድ እጅ ካርዳኑን፣ በሌላው ሹካውን ይዛችሁ በተቃራኒ ጠምዝዙ፣ ከዚያ በሌቫ ወደ ላይ አንሱት። በከባድ መኪና ካርዳን የሚፈቀደው ልቅነት 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ዓይን ካየው አልፏል ማለት ነው።

የጊዜው ልክ በመመሪያው ላይ አለ። መመሪያ ከሌለ በአስፋልት በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር፣ በአቧራና በጭቃ ግማሹ፣ አክስል የሚደርስ ውሃ ከተሻገረ ወይም ሥሩ በግፊት ውሃ ከታጠበ በዚያው ቀን። ውሃው አድሮ መርፌዎቹን ካዛገ በኋላ የሚገባ ግሪስ ዝገቱን ነው የሚቀባው።

ጸሐፊው በምክራቸው የሚጸኑ ከሆነ ያለቀ ክሮሼራ ሲወልቅ መስቀሉን ይጥረጉና አራቱን ክንዶች በጥፍራቸው ይዳብሱ። መርፌዎቹ ጎን ለጎን የቀረጿቸው መስመሮች ጥፍር ይይዛሉ። ብዙ ጊዜ አራቱ ክንዶች እኩል አላለቁም፤ አንዱ እንደ መስታወት ያበራል፣ ሌሎቹ ተሸንሽነዋል። የሚያበራው በሁለት ፓምፕ ግሪስ ያወጣው ነው።